«ይቀመጡ» ማለት አቃተኝ

ሰኞ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

ከኡልፓን፣ ከቋንቋ ትምህርት ቤቱ፣ ተመለስሁ። የዕብራይስጥ ፈተና አለፍሁ፤ ደስታው በር ላይ ቀረ። ሶሻል ወርከሯ የአየር መንገዱን ወረቀት ይዛ ትጠብቀኛለች። አምና ወደዚህ ባመጣን አውሮፕላን ላይ ክንዷ የተሰበረው አስተናጋጅ እስካሁን ሥራ አልገባችም። አለቆቿ ጥፋቱ የራሷ ነው ይላሉ፤ አየሩ ሲናወጥ ሻይ ስታድል ነበር፣ ሰዉንም አላስጠነቀቀችም ብለው። ያን ቀን የእሷን እንግሊዝኛ ለሰዉ ያስተረጎምሁ እኔ ነኝ። አስጠንቅቃችሁ ነበር ወይ? ተባልሁ።

አላስታውስም አልሁ። በሰደር፣ እሺ፣ ብላ ሄደች።

ውሸታም! ደብተሬ፣ አንተን ለመግለጥ እንኳ አፈርሁ።

ማክሰኞ፣ ጠዋት

ሁሉንም አስታውሳለሁ። መንገጫገጥ ሲጀምር አስተናጋጇ ሻዩን ግማሽ ረድፍ ላይ አቆመች። ማንቆርቆሪያውን ወደ ሣጥኑ መልሳ ቆለፈችበት። ቀበቶ እሰሩ በይልኝ አለች። አልሁ። ሁሉም አሰረ።

ያን ጊዜ የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ አያ ወርቁ፣ ለጸሎት ተነሡ። ሽማግሌ ቆሞ ማን ይቀመጣል? ቀበቶዬን ፈትቼ ተነሣሁ። ከኋላዬ ያለው ሁሉ ብድግ! ልጅቱ እየሮጠች መጣች። ይቀመጡ በያቸው አለችኝ። እኔ አያ ወርቁን ልዘዝ? እግዜር ጸሎትዎን ይስማ አልኋቸው። ኤዲያ! እሷ በእጇ እየገፋች ስታስቀምጠን አውሮፕላኑ ቁልቁል ወረደ። እኛ ወንበር ይዘን ተረፍን። እሷን ጣሪያው መታት፣ ክንዷ ላይ ወደቀች።

አያ ወርቁ አውሮፕላኑን ጸሎቴ አሳረፈው እያሉ ለሰፈራችን ለክፋር ጋኒም ጎረቤት ሁሉ ያወራሉ። እውነቱን ብጽፍ ሽማግሌ አዋራጅ እባላለሁ። ዝም ብል የልጅቱ እንጀራ ይቀራል።

ሐሙስ፣ 11 ሰዓት

ለአያ ወርቁ ነገርኋቸው። ይቆጣሉ ብዬ ነበር። ክንዷ ዳነ ወይ? አሉ። ገና ነው አልሁ። ከዚያ፦

«ታዲያ ለምን ይቀመጡ አላልሽኝም፣ ልጄ? ብትይኝ እቀመጥ አልነበረም?»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ! ዓመት ሙሉ አክብሬያቸው ነው ስል ኖርሁ። ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነው እንጂ።

አሁን በዕብራይስጥ ጻፍሁ፤ ፊደሌ ጠማማ ነው። አስጠንቅቃን ነበር። አስቀምጪያቸው ብላኝ ያላስቀመጥሁ እኔ ነኝ። ፈረምሁ። አያ ወርቁ እኔም ልፈርም ብለው አውራ ጣታቸውን ቀለም ነከሩ። እጃቸውን ያዝሁ። አይሆንም አያ፣ ይቀመጡ አልኋቸው።

ተቀመጡ።

ነገ ሰንበት ሳይገባ ወስጄ ለሶሻል ወርከሯ እሰጣለሁ። ብቻዬን።