መኪናህ ሐዘን ላይ ናት ሲሉኝ

ተክልዬ፣

ከተለየኸን ሁለተኛው ክረምት ገብቶ ወጣ። እንደምን ሰነበትክ ብዬ ልጀምር ብዕሬን አነሣሁና አፈርኩ፤ ለአንተ ሰላምታው እንዴት ተብሎ እንደሚጻፍ ማን ያስተምረኝ? እንግዲህ እሱን እለፈኝና ወሬዬን ስማ። የማወራህ ስለ አሮጊቷ ነው። አንተ እንደሆንክ ከእኔ ይልቅ የእሷ ጤና ነበር የሚያስጨንቅህ። ያቺ የምትመካባት የጭነት መኪናህ ልትሸጥብን ነበር እኮ!

ነገሩ የመጣው ከፍቅር ነው። ለሙት ዓመትህ የዕድር ጓደኞችህ ተሰብስበው መኪናውን እናሳምርለት አሉ። የፊቷን ቆርቆሮ ፈታትተው፣ ከላይም ከሥርም ሰማያዊ ቀለም ቀብተው መልሰው አሰሯት። ግንባሯ ላይ ስምህን በነጭ ጻፉ። እውነቱን ልንገርህ፣ አምሮባት ነበር። አንተ ብታያት ግን ሙሽራ አስመሰላችኋት ብለህ ሆድህን ይዘህ ትስቅ ነበር።

ከዚያ ወዲያ የፊት መብራቶቿ ፈዘዙ። የሱሉልታን የጠዋት ጉም ታውቀዋለህ፣ አጠገብህ ያለ በሬ አይታይም። ካንተ በኋላ መሪውን የያዘው ወንድምህ ታደሰ ነው። አንድ ማለዳ ድርቆሽ ጭኖ ወደ አዲስ አበባ ሲወጣ የጎረቤታችንን የኦቦ ገመቹን ፈረስ ለጥቂት ሳተው፤ እሳቸውም ላዩ ላይ ነበሩ። ታደሰ ጭነቱን ሳያደርስ ተመለሰ። አምፖል ቀየረ፣ ባትሪ ተውሶ ሞከረ፣ ያው ናት። ሞተሯ እንደ ድሮው ያጓራል፣ መብራቷ ግን ከኩራዝ አይሻልም።

በመጨረሻ ታደሰ መኪናዋ ሐዘን ላይ ናት አለ። ጌታዋን ነው የምትፈልገው፣ ሌላ እጅ አትወድም አለ። ሰዉም አመነው። ደጃችን እየመጡ ኮፈኗን እየዳሰሱ ከንፈር የሚመጡላት ነበሩ፣ በሞቴ አልዋሸሁህም! ኦቦ ገመቹ እንኳ፣ ሊገጩ የነበሩት ሰውዬ፣ ከፈረሳቸው ወርደው ፊቷ ቆመው ዋቃ ያጽናሽ ብለዋታል። እኔ ሚስትህ እንኳ የእሷን ያህል አልተጽናናሁም።

ታደሰ ሊሸጣት ቆረጠ። ሰበታ ገዢ አገኘና ቅዳሜ መጥቶ ሊወስዳት ተቀጣጠሩ። በዚያ ሳምንት እህል አልወርድ አለኝ። የልጆቹ እንጀራ እሷ ናት። ደግሞስ እሷ ከሄደች ከአንተ ምን ይቀረኛል? ኮትህ እንኳ ሽታህን ጥሏል።

ያኔ ነው ነገርህ ሁሉ ትዝ ያለኝ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በነጭ ቀሚሴ ጋቢና ውስጥ ታስቀምጠኝና አንተ ከፊት ቆመህ አብሪ፣ አጥፊ እያልክ ታደክመኝ ነበር። አንዴ ቢመረኝ በግራ እግር የምትረገጠዋን ቁልፍ ረግጬ ረጅሙን መብራት ዓይንህ ላይ ለቀቅሁብህ። ተደናብረህ የመኪና ማጠቢያ ባልዲህ ላይ ወደቅህ። ከዚያ ወዲያ ለካ እግሯም ያውቃል ብለህ ሥራውን ታስረዳኝ ጀመር።

ኤሌክትሪኩ ከባትሪው ተነሥቶ በሽቦ ወደ ማብሪያው ይሄዳል አልከኝ። ከማብሪያው ወደዚያች የእግር ቁልፍ ይወርዳል፤ ረጅሙ ይብራ ወይስ አጭሩ የሚለው እዚያ ይቆረጣል። ከዚያ አምፖሉ ውስጥ ገብቶ ፀጉር የምታህለውን ክር ያግላታል። የምናየው ብርሃን የዚያች ክር ግለት ነው። ከኋላዋ ያለው የሚያብለጨልጭ ሳህን ደግሞ ብርሃኑን ሰብስቦ መንገዱ ላይ ይወረውረዋል። እኔ እዚህ ላይ አለቀ ብዬ ልወርድ ስል ክንዴን ያዝከኝ። የሄደው ወደ ባትሪው መመለስ አለበት፣ መመለሻ ካላገኘ ከመጀመሪያውም አይነሣም አልከኝ። መመለሻ ሽቦ የታል ብዬ ብፈልግ የለም። የመኪናዋ ብረት ራሱ ነው የሚመልሰው፤ ስለዚህ ብረትና ብረት ራቁታቸውን መነካካት አለባቸው።

መመለሻ የሌለውን መንገድ ኤሌክትሪክ እንኳ አይጀምረውም። አንተ ግን ጀመርከው። በዚህ ተናድጄብሃለሁ፣ አልደብቅህም።

ሐሙስ ጠዋት ታደሰን ሽቦ አምጣ አልኩት። ሴትዮዋ ለየላት ብሎ አየኝ። ጉሙ ገና ደጁን አልለቀቀም። የሽቦውን አንድ ጫፍ የመብራቱ ብረት ላይ፣ ሌላውን ከመኪናዋ አካል ጋር በሚታሰረው የባትሪው ራስ ላይ አስያዝኩት። ግባና አብራ አልኩት። ተክልዬ፣ የቤታችን ግድግዳ ቦግ አለ! ጉሙ ራሱ ነጣ። እልል ልል አፌን ከፈትኩና ጥቁር መልበሴን አስቤ በነጠላዬ ያዝኩት።

ምክንያቱ ያው የወዳጆችህ ቀለም ነበር። መብራቶቹ የተያዙበት ቆርቆሮ ከዋናው ብረት ጋር የሚገናኝበት ብሎን ሥር ድረስ ቀብተውት፣ ጭላንጭል ብቻ አስቀርተው የመመለሻውን መንገድ ዘግተውታል። ብሎኑን ፈትቼ በቢላዋ ፋቅሁት። ታደሰ አልረዳኝም። ለአንተ የተቀባ ቀለም መፋቅ አልሆንለት አለ፤ ፊቱን አዙሮ ቆመ። መልሼ አስሬ ያለዚያ ሽቦ ስናበራው ሁለቱም መብራቶች እንደ ጥንቱ ሆኑ።

ደስ ይለዋል ብዬ ዞር ስል ታደሰ የጋቢናው ደረጃ ላይ ቁጭ ብሎ ይንሰቀሰቃል። በቀብርህ ቀን እንኳ እንደዚያ ሲያለቅስ አላየሁትም። እሷም ረሳችው አለኝ። ሰዉ ሁሉ ወደ ሥራው ሲመለስ፣ ስምህ ከአፍ ሲጠፋ፣ ከእሱ ጋር የምታዝን እሷ ብቻ መስላው ነበር ለካ። እኔ ደግሞ አስታምሜ አዳንኩበት። ወይኔ ታደሰ! አጠገቡ ተቀመጥኩ። አብረን አለቀስን፣ መብራቱን ማጥፋትም ረሳን።

የሰበታው ሰውዬ ቅዳሜ መጥቶ ባዶ እጁን ሄደ። ሰኞ ታደሰ ከቀብርህ ጀምሮ ያሳደገውን ጢም ተላጭቶ ብቅ አለ። አንተን መሰለኝና ደነገጥኩ። ድርቆሹን ጭኖ በዚያ ጉም ውስጥ ወጣ፤ ከሰዓት በኋላ በሰላም ተመለሰ። አሁን እሱና እሷ በየቀኑ ይሠራሉ።

ኦቦ ገመቹ ባለፈው አግኝተውኝ መኪናዋ ሐዘኗን ጨረሰች ወይ ብለው ጠየቁኝ። አዎ አልኳቸው። እሷ ትሥራ፣ ልጆቹን ታሳድግ፤ ተክሌን ማስታወሱን ለእኔ ተዉልኝ፣ እኔ አለሁለት አልኳቸው።

አስካለህ