ለበዓል የደረቀው ማጣሪያ

ዶክተር ማንሱክላል ፓንድያ ከአባታቸው ከዘይት ጨማቂው ቺማንላልና ከእናታቸው ከሳቪታቤን፣ እ.ኤ.አ. በ1949 በጉጃራት፣ ናዲያድ ተወለዱ። ከአራት ዓመት በኋላ ታናሽ ወንድማቸው ኪርቲ ተከተሉ።

በኬሚካል ምሕንድስና ከተመረቁ በኋላ ቫዶዳራ በሚገኝ ዘይት ማርጊያ ፋብሪካ ተቀጠሩ። በ1976 ወይዘሮ ቫርሻቤንን አግብተው ኢላንና ፓሩልን ወለዱ። የጥጥ ፍሬ ዘይት ቶሎ እንዲረጋ የሚያደርግ፣ በዓይን የማይለይ የደቀቀ የኒኬል ዱቄት የሠሩት እርሳቸው ናቸው። ዱቄቱ እርጥበት ከተለየው አየር ሲነካው ያለ ክብሪት ይነዳል። ስለዚህ ዱቄቱን ከዘይቱ የሚለየው ማጣሪያ መቼም እንዳይደርቅ ለሠራተኛው ሁሉ ያስተማሩትም እርሳቸው ነበሩ፤ ከሠራተኞቹም አንዱ ወንድማቸው ነበሩ።

በ1994 የዱሴራ በዓል፣ እንደ ልማዳችን መሣሪያ ሁሉ ታጥቦ የአበባ ጉንጉን በሚጠለቅለት ቀን፣ ከዋና ከተማ እንግዶች ይመጡ ነበር። ከማጣሪያው የሚንጠባጠበው ጥቁር ጭቃ ነጩን ምንጣፍ እንዳያበላሽ ዶክተሩ አድርቀው እንዲወለውሉት ወንድማቸውን አዘዙ። ኪርቲ የዶክተሩን የራሳቸውን ትምህርት ቢያስታውሷቸው፣

«እኔ የወለድኩትን ልጅ ለእኔ ልታስተዋውቅ ነው? ጥረግ» አሏቸው።

ኪርቲ ጠረጉ። እንግዶቹ ሲገቡ ኪርቲ ጉንጉኑን ሊያጠልቁ የማጣሪያውን ክዳን ከፍተው ጎንበስ አሉ። ውስጡ የደረቀው ዱቄት አየር ሲነካው ቦግ ብሎ ነደደ። ሁለት ዓይናቸውንና የቀኝ እጃቸውን ጣቶች እዚያው አጡ። ዶክተሩ ለመርማሪዎች አደጋው በወንድማቸው ግዴለሽነት እንደደረሰ ገለጹ። ኪርቲ ተባረሩ። ዶክተሩ በዚያው ዓመት ተሸለሙ፤ በሽልማቱ ሥነ ሥርዓት ላይም ስለ ሠራተኛ ጥንቃቄ ንግግር አደረጉ።

በ2019 የጉበት ሕመም አልጋ ላይ ሲጥላቸው፣ ኪርቲ በባለቤታቸው እየተመሩ መጡ። ካሣ አልጠየቁም።

«ወንድም ጋሼ፣ አድርቅ ያሉኝ እርስዎ መሆንዎን ለልጆቼ አንዴ ይንገሩልኝ። አባታችን ዝርክርክ ነው ሲሉ ነው ያደጉት።»

«አሁን ማን ይሰማሃል? አርፈህ ተቀመጥ» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። በየካቲት 2020 እንዲሁ እንደዞሩ አረፉ።

ትእዛዙ በዚህ ጽሑፍ እንዲገባ ያደረጉት ባለቤታቸው ወይዘሮ ቫርሻቤን ናቸው። ያን ቀን የጣፋጭ ትሪ ይዘው በሩ ላይ ቆመው ሰምተዋል፤ ባላቸው በሕይወት እያሉ ግን ለማንም አልተነፈሱም።

ዶክተር ማንሱክላል ባለቤታቸውን፣ ሁለት ሴት ልጆቻቸውንና ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል። ወንድ ልጅ ስለሌላቸው ዛሬ አስከሬናቸውን በእሳት የሚለኩሱት ኪርቲ ናቸው፤ እጃቸውን ልጃቸው ይይዝላቸዋል። ኪርቲ ጠዋት የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እንጨቱ ደርቋል ወይ ብለው። ደርቋል ተብለዋል።

ለወንድማቸው የነፈጉትን ምሕረት ፈጣሪ ለነፍሳቸው አይንፈጋት።