ያለበስነው ተዳፋት

ግንቦት 9
ቢሮ። እንደ ወትሮው። ጠዋት የሐይቁን መሸሽ ስለካ አረፈድኩ። ከሰዓት ሻለቃው አዲስ ክልክል ክቦች ይዞ መጣ። ከመከላከያ ተመድቦ ከእኛ ጋር የሚሠራ ነው፤ ሰላምታው እንኳ በልክ ነው። ክቦቹ ውስጥ ያለው መሬት ካርታ ከምንሠራበት የሳተላይት ምስል ላይ ተቆርጦ ይወጣል። ነጭ ቀዳዳ ግን አይተውም… ነጭ ከታየ "እዚህ ጋ የተደበቀ ነገር አለ" ብሎ መናገር ነው። ስለዚህ ከዙሪያው ቀለም ወስደን እንሞላዋለን። "ማልበስ" እንለዋለን። ዛሬም አለበስኩ። እጄ ለምዶታል፣ ወሬ እያወራሁ ነው የምሠራው።

ግንቦት 17
እታለም አዲሱን ቤቷን ላሳይህ ብላ ጠራችኝ። ታላቅ እህቴ ናት፤ ባሏ ሥራው ሩቅ ስለሆነ ከሁለት ልጆቿ ጋር ብቻዋን ናት። ከተራራው ሥር። ቤቱ ያምራል። የጓዳው በር ግን አይዘጋም።
"ስንገባ ይዘጋ ነበር እኮ" አለች። "አናጺው ላገው፣ መልሶ ያዘ።"
ከጓሮ ያለው የመብራት ምሰሶ ወደ ታች አዘንብሏል። ቀና ስል ተራራው አናት ላይ የጦር ካምፑን አንቴናዎች አየሁ።
"መሬቱን ያየላችሁ ሰው አለ?"
ስልኳን አወጣች። ካርታ። የእኛ መሥሪያ ቤት ማኅተም ያለበት። ሰፈሩ በሙሉ አረንጓዴ፤ የማይንቀሳቀስ መሬት ማለት ነው። "የወንድሜ ካርታ ነው ብዬ ለጎረቤቱ ሁሉ አሳይቻለሁ" አለች፣ ኮራ ብላ።
ያ አረንጓዴ አልተለካም። ካምፑን የሚደብቀው ክብ ውስጥ ነው። ያለበስኩት እኔ ነኝ።

ግንቦት 18
ያልተቆረጠውን ምስል ከፈትኩ። አይፈቀድም፤ ከፈትኩት። ከካምፑ አጥር ጀምሮ እስከ እታለም ጓሮ ቀይ ነው። ተዳፋቱ ቁልቁል እየተንሸራተተ ነው፣ በየወሩ እየባሰበት።
ድንጋይን ጠራሁት። ጂኦሎጂስታችን ነው፤ እውነተኛ ስሙን ደመወዝ ከፋይዋ ብቻ ናት የምታውቀው። ቀልደኛ ሰው… ዛሬ አልቀለደም።
"ከሥሩ ሸክላ አፈር ነው" አለኝ። "ውሃ ይግባበትና ሳሙና ነው።"

ግንቦት 20
ሁለታችንም አለቃዬ ዘንድ ገባን። ሻለቃውም ተጠራ። አየው። የሚገርመው፣ አመነን። ለበላይ አቀርባለሁ አለ።
"ሰዎቹስ?" አልኩት።
"ሰዎቹ ከተነሱ ለምን ተነሱ ይባላል። ያ ከተጠየቀ ክቡ የት እንዳለ ይታወቃል።"
ስንወጣ አለቃዬ ክንዴን ያዝ አደረገኝ። "ስትቀጠር የፈረምከውን አትርሳ።" መምከሩ ነው ወይስ ማስፈራራቱ?

ሰኔ 2
ዝናብ ጀመረ። ከላይ ምንም አልተባለም።

ሰኔ 6
አዲስ ምስል ገባ። ከካምፑ በሚወርደው መንገድ ላይ የጭነት መኪናዎች ተሰልፈዋል። ድንጋይ ከኋላዬ ቆሞ አየ። "ዕቃቸውን እያሸሹ ነው።"
ሳጥን ይነሳል፣ ሰው አይነሳም። ደሜ ፈላ። ሻለቃው ጋ ሄድኩ፤ አፌን ሳልከፍት "ሥራህን ሥራ፣ ወንድሜ" አለኝ። ተመልሼ ተቀመጥኩ… ምን ላደርግ?

ሰኔ 8
ለእታለም ነገርኳት። መጀመሪያ በልጆቿ አስማልኳት፣ ከእሷ እንዳያልፍ። ካለፈ የምታሰረው እኔ ነኝ አልኳት። ፊቷ አመድ መሰለ።
"ልብስ ሰፊዋስ?" አለችኝ።
ከመንገዱ ማዶ፣ ፊት ለፊቷ የምትኖር ሴት ናት። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመጡ እታለም ከሥራ እስክትገባ እሷ ጋ ነው የሚቆዩት። ምሳቸውን ታበላቸዋለች፣ የተቀደደ ልብሳቸውን ሳትጠየቅ ትጠቅማለች።
"ለእሷ ከነገርሽ ለሰፈሩ ነገርሽ" አልኳት።
በመጨረሻ "እሺ" አለች። ራሴን ጠላሁት።

ሰኔ 11
ልጆቿን ይዛ እኔና እማዬ ጋ ገባች። ለሰፈሩ "እናቴ ታማብኝ ላስታምም ነው" ብላ ነው የወጣችው። እማዬ ደግሞ ከሁላችንም ጤነኛ ናት። "ምኔን ነው ያመመኝ? ሰው ሲጠይቀኝ ልወቀው እንጂ" አለች። ሳቅን። ከስንት ጊዜ በኋላ… እፎይ አልኩ፣ አፈርኩም።

ሰኔ 19
ዝናቡ አላቋርጥ ብሏል። ሌሎቹ ከአእምሮዬ አልወጣ አሉ። ለከተማው አስተዳደር ልደውል ብዬ ስልኩን አነሳሁ። ማን ልበል ቢሉኝስ? አስቀመጥኩት።

ሰኔ 23
ወረደ። ጎህ ሲቀድ።

ሰኔ 24
ከእታለም ጋር ሄድን። ወታደሮች ገመድ ወጥረዋል። ቤቷ የለም። ከቤቷ በላይ የነበሩትም የሉም፣ ጭቃ ብቻ። የስንት ሰው ቤት… ጭቃው መንገዱ ጋ ሲደርስ ቆሟል። ከመንገዱ ማዶ ያለው ሁሉ እንዳለ አለ። የልብስ ሰፊዋም ቤት ቆሟል፤ በመስኮቱ ልኬት የሚጠብቅ ቀሚስ ተሰቅሎ ይታያል።
እታለም "ተመስገን፣ ተመስገን" እያለች ወደዚያ ሮጠች። በሩን ደበደበች። አንድ ሽማግሌ ጎረቤት መጥተው እጇን ያዙ።
"እዚያ የለችም፣ ልጄ" አሏት። "'እናቷን እያስታመመች ሌባ እንዳይገባባት' ብላ፣ ከሄድሽ ጀምሮ አንቺ ቤት ነበር የምታድረው።"
እታለም አላለቀሰችም። ዞራ እኔን አየችኝ።

ሐምሌ 1
አንድ ቤት ውስጥ ሆነን አታናግረኝም። ምግብ ታቀርብልኛለች፣ ትወጣለች። ልጆቹ ስለ ልብስ ሰፊዋ ይጠይቋታል። እማዬ ዘመድ ሲመጣ ከአልጋዋ አትወርድም፣ በዚያ ውሸት ስለተያዘች።
ዛሬ ሻለቃው የናዳውን ምስል ይዞ መጣ። ካምፑ አጥሩ ፈርሶ በግልጽ ይታያል። "አልብሰው" አለኝ። አላለብስም አልኩት። ቀስ ብዬ ነው ያልኩት፤ ድምፄ እንኳ አልተለወጠም። ለማንም ቢሆን ያ አረንጓዴ የእኛ እጅ ሥራ እንደነበረ እናገራለሁ አልኩት። አለቃዬ መታወቂያዬን ተቀበለኝ። ነገ ጠዋት ለጥያቄ እፈለጋለሁ፤ ከዚያ መመለሴን እንጃ።
ቤት ገብቼ ለእታለም ነገርኳት። እምቢ አልኩ፣ አልኳት። የልጇን ካልሲ እያጠበች ነበር፣ ቀና አላለችም።
"እሱማ ያኔ ነበር" አለችኝ።