ለፒሺማ ስም ስናወጣ

ሰኞ፣ ሰኔ 3

ባቡሩ አርባ ደቂቃ ዘገየ። አትክልት ሻጯ ኪሮዳ እንደ ልማዷ የጎመን ቅርጫቷን እግሬ ላይ አሳርፋ ተቀመጠች። «ዳዳ፣ ትንሽ ነው፣ ቻለው» ትላለች በየቀኑ፤ ዳዳ ታላቅ ወንድም ነው። ትንሽ አይደለም። ሃያ ዓመት ሆነው። እግሬን ወዲያ አድርጌ አላውቅም፣ እሷም ቅርጫቱን።

ሥራዬ፣ የባቡር መሥሪያ ቤቱ መዝገብ ቤት፣ የገባሁት ረፋድ ላይ። ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔም ማንንም አልጠየቅሁም። ሠላሳ አራት ዓመት እንዲሁ ተከባብረን ኖረናል።

ጡረታ ልወጣ ሁለት ወር አይሞላም። በሰላም ልወጣ ነው ስል አለቃዬ ቻክላዳር አስጠራኝ። ፊቱን የቀብር ንግግር እንደሚያደርግ ሰው አዘጋጅቶታል።

«ኒሩፓም፣ የክቡ መስመር ስም ሊወጣለት ነው።»

«ስም የለውም እንዴ?»

«የወግ ስም የለውም።»

እውነቱን ነው። ከከተማው ዳር ተነስቶ መንደሩን ሁሉ ዞሮ እዚያው የሚመለሰው መስመር፣ አርባ ዓመት ሙሉ በወረቀት ላይ «ክፍል ሦስት፣ ክብ» ነው። ሕዝቡ ግን ፒሺማ ይላታል፤ የአባት እህት። የማታንኳኳው በር የለም፣ ሁሉም ቤት ትቀመጣለች፣ ወሬ ትሰበስባለች፣ ዘግይታ ትመጣለች፣ ዞራ ዞራ የትም አትደርስም። ምን ዋጋ አለው… የቤት ስም ነው። የቤት ስም መሥሪያ ቤት አይገባም። የኔንስ ማን ያውቀዋል? ፖቶል! በሃምሳ ዘጠኝ ዓመቴ፣ በአንዲት አረንጓዴ አትክልት ስም። ቻክላዳር ይህን ቢሰማ ጡረታዬን ሳልጠብቅ እሄድ ነበር።

ስሙን ኮሚቴው ያወጣል። ሰነዱን የማሰናዳው እኔ። የመስመሩ ታሪክ፣ የአሥራ አንዱ ፌርማታ ዝርዝር፣ እያንዳንዱ የተከፈተበት ማስረጃ።

«ማስረጃ ያልተገኘለትስ?»

«ከዝርዝሩ ይወጣል። ከዝርዝሩ በወጣ ፌርማታ ባቡር አይቆምም።»

አሥራ አንድ ብቻ ናቸው። ምን ይጠፋል ብዬ ወጣሁ።

ረቡዕ፣ ሰኔ 5

ኮሚቴው ሊጎበኝ ስለሚችል መዝገብ ቤቱ ይጽዳ ተባለ። ላይመጡ ይችላሉ፤ አቧራው ግን ደንግጧል።

በመስኮቱ በኩል ያለውን መደርደሪያ ምስጥ ጀምሮታል። ቱኒ… ናዱ… ቡልቱ… ሚኒ… የሚል የልጅ ስም የተጻፈበት የፋይል መዓት። የሠራተኛ ልጆች የሕክምና ፋይል ነው፣ ሁላችንም እንደዚያ ነው የምናውቀው። ከፍቶ ያየ የለም። የሰው ልጅ ኩፍኝ ምን ይነበባል? ልጆቹም እስካሁን አያት ሆነዋል።

«ይወገድ» ብዬ ፈረምኩ። ቁራሌው በሁለት ጋሪ ወሰደው። ደስ የሚል ባዶ ቦታ ሆነ።

ዓርብ፣ ሰኔ 14

አሥሩ ተገኙ። መስመሩ ሲመረቅ በታተመው የሰዓት ሰሌዳ ላይ ስማቸው አለ፤ ይበቃል። አሥራ አንደኛው ግን ከዓመት በኋላ ነው የተከፈተው፤ ሰሌዳው ላይ የለም። የተከፈተበት የፈቃድ ደብዳቤ ያስፈልጋል። ደብዳቤው ደግሞ የለም።

የትኛው ይሆን? ኮልሚዳንጋ። የኔው። የኪሮዳ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 18

«ዳዳ፣ ፌርማታችንን ልታጠፉት ነው አሉ?» አለች ኪሮዳ፣ ገና ሳልቀመጥ።

«ማን አለ?»

«ሙሪ ሻጩ።»

መሥሪያ ቤታችን ምስጢር የሚጠብቀው ከሠራተኛው ብቻ ነው። የሩዝ ፈንዲሻ የሚያዞር ሰው ከኔ ቀድሞ ያውቃል።

«ወረቀቱ ጠፍቶ ነው። ይገኛል።»

«የጠፋው ወረቀቱ፣ አራት ኪሎ ሜትር በጭቃ ቅርጫት ተሸክሜ የምሄደው እኔ? ወረቀቱ ይሂዳ!»

ሠረገላው በሳቅ ፈረሰ። አርባ ሴት ከነቅርጫቷ። እኔም ሳቅሁ… ምን ላድርግ? ቀጥላ፣ ቀስ ብላ፣ «ገበያው የሚያዘው በጠዋት ነው ዳዳ። በእግሬ ሄጄ አልደርስም» አለች። እሷ አልሳቀችም ነበር።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 25

የኮሚቴ ስብሰባ። ሦስት ሰዓት።

አንዱ ወገን በሟቹ ባለቅኔ ስም ይሁን አለ። ሌላው በሟቹ ሐኪም። ሦስተኛው በሟቹ መምህር። መምህሩ የተናጋሪው አማት እንደነበሩ ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አልተነፈሰም። ሦስቱም በሕይወት ሳሉ በዚህ ባቡር የተሳፈሩ አይመስለኝም። ተሳፍረው ቢሆን እስካሁን መንገድ ላይ ነበሩ።

ደክሞኝ ይሁን እንጃ፣ «ፒሺማ ቢባልስ?» አልኩ።

ሦስቱም ወገኖች ዞረው አዩኝ።

ቻክላዳር ሳል አለና፣ «ኒሩፓም፣ ሰው ሠርግ ቤት በካናቴራ ይሄዳል?»

ከዝርዝሩ ላይ ኮልሚዳንጋን በእርሳስ ሰረዙት። ዝርዝሩ ሐምሌ 15 ይዘጋል፤ ከዚያ በቀለም።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 6

ሁሉንም ፈተሽኩ። የመሬት ፋይል፣ የድልድይ ፋይል፣ የጠፋ ጃንጥላ ፋይል። የለም። ከኔ በፊት መዝገብ ቤቱን የያዙት ሃራዳን ዳዳ በሕይወት አሉ። ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው። ነገ እሄዳለሁ። እስካሁን ያልሄድኩት ለምንድን ነው? አፈርኩ መሰለኝ።

እሑድ፣ ሐምሌ 7

ሃራዳን ዳዳ ቤት ሄድኩ።

አልጋ ላይ ናቸው። ጆሯቸው ደክሟል፣ ምላሳቸው አልደከመም።

«መጣህ? መዝገብ ቤቴን አቃጠልከው ወይስ ገና ነህ?»

«ገና ነኝ ዳዳ። የኮልሚዳንጋ የፈቃድ ደብዳቤ የት ነው?»

«በምን ስም ፈለግከው?»

«በኮልሚዳንጋ።»

ሳቁ። ሳል እስኪይዛቸው። «እናትህ ሩዙ ሲደርስ 'ኒሩፓም' ብላ ነበር የምትጠራህ? ልጄን በወግ ስሟ የምጽፋት ምን ሆኜ ነው? ሚኒ በሚለው ፋይል ነዋ! የሁሉም ታናሽ እሷ ናት። ሜዳ ላይ ብቻዋን የቆመች።»

ልጅ አልነበራቸውም። ሚስታቸውም ቀድመዋቸው ሄደዋል። አሥራ አንዱን ፌርማታ አንድ በአንድ የቤት ስም አውጥተውላቸው… ቱኒ። ናዱ። ቡልቱ። ሚኒ።

«ይወገድ» ብዬ የፈረምኩባቸው።

«ምነው ፊትህ ጠቆረ?»

«ሙቀቱ ነው ዳዳ።»

ሰኞ፣ ሐምሌ 8

ቁራሌው ጋ ሄድኩ። ጭራሽ አስታወሰኝ።

«ያ ምስጥ የበላው? ለወረቀት ከረጢት ሠሪዎች ሸጥኩት እኮ።»

«የት ነው የሚሠሩት?»

«ኮልሚዳንጋ። አትክልት ሻጮቹ ከገበያ ሲመለሱ ቤታቸው ተቀምጠው ይለጥፋሉ። ሙሪ ሻጩ ይገዛቸዋል።»

ደብዳቤውን የሸጥኩት ለባለቤቶቹ ነው ማለት ነው። አጣጥፈው፣ በሩዝ ሙጫ ለጥፈው… እኔም ሙሪ በልቼበት፣ በመስኮት ወርውሬው ይሆናል።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 9

ለኪሮዳ ነገርኳት። ባቡሩ እስኪነሳ ጠብቄ፣ መውረጃ እንዳይኖረኝ።

«ማነው ወረቀቱን የሸጠው?»

«እኔ።»

«ሳታነበው?»

«ሳላነበው።»

ቅርጫቷን ከእግሬ ላይ አነሳችው። ሃያ ዓመት ስመኘው የኖርኩት ነገር… እግሬ እንዲህ ባዶ ሆኖ እንደሚከብድ አላውቅም ነበር።

ከዚያ ወደ ሠረገላው ዞራ ጮኸች። «እናንተ! ቤት ያለ ከረጢት እንዳይሸጥ! ማኅተም ያለበትን ሁሉ ለዚህ ሰውዬ አምጡለት!»

«ማኅተም ምን ይመስላል?» አለች አንዷ ከወዲያ።

«ክብ ነው። እንደ ፒሺማ።»

«ዳዳ» አላለችኝም። «ሰውዬ» ነው ያለችው።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 11

ቤቴ ከረጢት ብቻ ሆነ። እህቴ ቡሉ መተኛዋን አጣች። «ፖቶል፣ ጡረታ ስትወጣ ልታርፍ መስሎኝ ነበር፣ ለካ ልትነግድ ኖሯል» ትለኛለች።

የቱኒ ግማሽ ተገኘ። ከናዱ ቂጡ ብቻ፤ የከረጢቱ ማለቴ ነው። ከቡልቱ አንድም የለም። ምራቅ በነካው ጣት የአርባ ዓመት ወረቀት ስገልጥ ዋልኩ… የሚኒ አልመጣም።

እሑድ፣ ሐምሌ 14

ተገኘ!

ከኪሮዳ ጎረቤት ቤት፣ ምስማር ላይ ተንጠልጥሎ፣ የሽንኩርት ዘር ተይዞበት። ጎረቤቷ ለዘሩ ባትሳሳ ኖሮ ከረጢቱ ተሽጦ ሄዶ ነበር። ኪሮዳ ራሷ ይዛው መጣች። በፈላ የሩዝ ድስት እንፋሎት ሙጫውን አላቀቅነው፤ እሷ ያዘች፣ እኔ ነፋሁ።

«አንብበው» አለች። ማንበብ አትችልም።

አነበብኩላት። «…ለአትክልት ሻጮች ጥቅም ሲባል፣ በኮልሚዳንጋ ባቡሩ ሁለት ደቂቃ እንዲቆም ተፈቅዷል።» ማኅተሙ ሙሉ ነው፤ በአንድ በኩል ብቻ ሙጫ። ዳር ላይ በሃራዳን ዳዳ እጅ፣ በቀጭን ቀለም፦ «ሚኒ ተወለደች።»

«ሁለት ደቂቃ?» አለች ኪሮዳ። «አንድ ነው እኮ የሚቆመው! አርባ ዓመት አንድ ደቂቃ በልተውብናል!»

ሰኞ፣ ሐምሌ 15

ቻክላዳር ደብዳቤውን በሁለት ጣት ይዞ አገላበጠው።

«ይሄ ከረጢት ነው።»

«ደብዳቤ ነው ጌታዬ። ለጊዜው ከረጢት ሆኖ ነበር።»

«ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል።»

«ለሽንኩርት ሻጮች የተጻፈ ስለሆነ።»

ደንቡን አስመጣ። ዋናው ቅጂ፣ ማኅተም፣ ፊርማ ይላል። ስለ ቅርጽ አይልም። የእርሳሱ መስመር ተፋቀ።

«እንዲህ የሆነው በማን ፊርማ ነው?»

እዚህ ላይ ምስጥ ማለት ይቻል ነበር። ምስጥ ተጠርቶ አይጠየቅም። «በኔ» አልኩ።

የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈልኝ። ሊሰናበት አሥራ አምስት ቀን ለቀረው ሰው። ምክንያቱን በጽሑፍ አቅርብ ተባልኩ፤ አቀረብኩ። «ፌርማታዎቹ በቤት ስማቸው የተመዘገቡ ስለነበር።» ከነሙሉ ዝርዝራቸው፣ ከቱኒ እስከ ሚኒ። ቻክላዳር አንብቦ ዓይኑን ጨፈነ። ካናቴራው ሠርግ ቤት ገባ።

እሑድ፣ ሐምሌ 21

ሃራዳን ዳዳ ጋ።

«ሚኒ ተገኘች?»

«ተገኘች ዳዳ።»

«ቱኒስ?»

ቱኒ ግማሽ ከረጢት ናት። «ደህና ናት» አልኩ። «ዘጠኝ ባቡር በቀን ይቆምላታል።»

«ናዱ?»

«መጠለያው ተቀባ። አረንጓዴ።»

«ቡልቱ? እሱ ውሃ ይገባበት ነበር።»

«ክረምቱን እያለፈው ነው።»

አሥራ አንዱንም ጠየቁኝ። አሥራ አንዱንም መለስኩ። አንድም ውሸት አልተናገርኩም… አይደል? ሁሉም ሥራ ላይ ናቸው። ዓይናቸውን ከደን አድርገው፣ «መልካም ልጆች ናቸው» አሉ።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 30

ስሙ ወጣ። ኮሚቴው መምረጥ ስላልቻለ ሦስቱንም ሟቾች በአንድ ላይ ቀጠላቸው፣ ከነማዕረጋቸው። የኮልሚዳንጋ ሰሌዳ ከመጠለያው ጣሪያ ተርፎ ሜዳው ላይ ወጥቷል፤ በቀርከሃ ደግፈውታል። በድምፅ ማጉያው የመስመሩን ስም የምታነበው ሴት ሐኪሙ ላይ ስትደርስ ባቡሩ ይሄዳል። መምህሩን እስካሁን የሰማ ተሳፋሪ የለም።

እኔም ተሸኘሁ። የአበባ ጉንጉን፣ ጃንጥላ፣ ንግግር። ቻክላዳር «የማይተካ» አለኝ። ቦታዬ ይታጠፋል፣ ስለዚህ እውነቱን ነው።

በቀትሩ ባቡር ተመለስኩ። ሴቶቹም ሸጠው ጨርሰው ባዶ ቅርጫታቸውን ይዘው ገቡ። ከኪሮዳ በቀር። የሷ ዱባ አልተሸጠላትም።

ከፊቴ ቆመች። ጉንጉኔን አየች፣ ጃንጥላዬን አየች።

«ፖቶል ዳዳ» አለች፣ ሠረገላው ሁሉ እየሰማ። እህቴ ቡሉ! ሌላ ማን ይነግራታል? «ትንሽ ነው፣ ቻለው።»

ቅርጫቷን እግሬ ላይ አሳረፈች። ትንሽ አይደለም። እግሬን አልሳብኩም።

ኮልሚዳንጋ ላይ ሰዓቴን አየሁ። ሁለት ደቂቃ ቆመ።