ዘበኛው የሚናገራት አንዲት መስመር

ከእማማ ቀጥላ ጆሮዬን ለምትጠመዝዘው ለእትዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽን ተሻለሽ? ባልሽስ ማንኮራፋቱን ቀነሰ ወይስ ጎረቤቱ ቤት እየለቀቀ ነው? እኔ ደህና ነኝ ልልሽ ነበር፤ ግን ይኸው ፊደሉ ሁሉ ሰክሯል፣ ታግሰሽ አንብቢው።

ኮሌጅ መመለሴን ሰምተሻል። ሰባት ዓመት ጎሚስታ ቤት ጎማ ስነፋ ኖሬ ቴአትር ልማር ስል ሰፈሩ ሁሉ፣ አንተ ደግሞ ምን ትማራለህ፣ ታስተምራለህ እንጂ አለኝ። የክፍሌ ልጆች ጋሼ ይሉኛል። የመጀመሪያው ቀን አስተማሪ መስዬያቸው ብድግ ሲሉ፣ እኔም አላሳፍራቸው ብዬ ስም ጠርቼ የቤት ሥራ ሰጠኋቸው። እውነተኛዋ መምህርት ለካ በር ላይ ቆማ ታየኛለች።

ዓርብ ፈተና አለብኝ። መድረክ ላይ ዘበኛ ነኝ፤ ሮጬ ገብቼ ቤቱ እየተቃጠለ ነው ውጡ ማለት ብቻ ነው። ከወደቅኩ ያሰናብቱኛል፤ አንዴ ትምህርቱን ጥሎ ለወጣ ሰው ሦስተኛ ዕድል የለም። ትናንት ልምምድ ላይ ሮጬ ገባሁ። መብራቱ ዓይኔን ወጋኝ፣ "ቤ... ቤ... ቤ..." እንዳልኩ ቀረሁ። አልቀለድኩም፣ አባባ ይሙት! ቃሉ አልወጣ አለኝ። አንዱ ከታች፣ ጋሼ ቤቱ እኮ ተቃጥሎ አለቀ ሲል አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ፈራሁ ብል ማን ያምነኛል?

መምህርቷ ግን እያጨበጨበች መጣች። ግሩም ነው፣ ዘበኛው እንዲህ ይንተባተብ፣ ዓርብም ይህንኑ ድገመውና ታልፋለህ አለችኝ። ከማን እንደቀዳሁት ጠየቀችኝ። የዘበኛውን ካፖርት አውልቄ ወጣሁ። እኔ ሳቅ ካለበት ስሸሽ አይተሽ ታውቂያለሽ?

እትዬ፣ ያን ጠዋት ትምህርት ቤት፣ ሰልፉ ፊት ወጥተሽ ስታነቢ ቃሉ ሲይዝሽ፣ ከኋላ መንተባተብሽን እየተከተለ የሚደግም ልጅ ነበር። ያ ሁሉ ተማሪ ሳቀ። በማግሥቱ ቦርሳሽ ከሚስማሩ ሳይወርድ ቀረ፤ አባባ ቢለምንሽም ቢቆጣሽም አልተመለስሽም። ማን እንደነበር አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሽኝም። ድምፄን አላወቀችውም እያልኩ ራሴን ስደልል ኖርኩ።

ዛሬ መምህርቷን አላደርገውም አልኳት። እንግዲያው ጥርት አድርገህ ተናገር፣ ምላስህ ከተያዘብህ ግን ወደቅክ አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ያችን መስመር ብቻዬን ስለማመድ እንኳ ምላሴ ይከብደኛል።

ዓርብ በዘጠኝ ሰዓት ነው። ነይ የምልበት አፍ የለኝም፤ ግን ፊት ረድፍ ላይ አንድ ወንበር አስይዤልሻለሁ። መጥተሽ ከተያዘብኝ፣ ከማንም በፊት አንቺ ሳቂ።

ልጆችሽን ያሳድግልሽ፤ ከክፉ ሁሉ ይሰውርሽ።

ታናሽ ወንድምሽ