የአይጦችሽ አልጋ ነገር

ውድ ፔይሩንግ፣

ጥያቄሽ አጭር ናት። «አጎቴ፣ ጊኒ ፒጎቼ እዚያው ይቆዩ ወይስ ለታይቹንጓ ሴትዮ ልስጣቸው?» አልሽኝ። ካኦሹንግ የተከራየሽበት ቤት ባለቤት ከዓሣ በቀር እንስሳ አላስገባም ብሏል። ሴትዮዋ ደግሞ ሰፊ ቤትና ሰፊ ጊዜ አላት፣ ሌሎች ጊኒ ፒጎችም ታረባለች፤ መቃብር ከምናጸዳበት ቀን በኋላ መጥታ ልትወስዳቸው ተዘጋጅታለች። ከእኔ የምትፈልጊው አንዲት ቃል ብቻ ነው። እኔ ግን ግራ ገብቶኛል። በስልክ ልንገርሽ ብል ገና አፌን ስከፍት «ቀልድህን ተው» ትይኛለሽ። እውነትሽን ነው፤ ስልክ ሳነሳ ምላሴ በገዛ ፈቃዱ ይቀልዳል። ስለዚህ መሮዬን አስቀምጬ ብዕር አነሳሁ። ብዕር ላይ ጀማሪ ስለሆንኩ እውነት መናገሬ አይቀርም።

ስትሄጂ ያን ደመና የመሰለ የወረቀት ንጣፍ በከረጢት ትተሽልኝ ነበር። አለቀ። ሚያኦሊ ወርጄ ዋጋውን ስጠይቅ ልጁ ነገረኝ። «ይቅርታ፣ ለአይጥ ነው እንጂ ለሙሽራ አይደለም» አልኩት። አልሳቀም። የዛሬ ልጆች ምን ነካቸው? እኔ የምተኛበት ፍራሽ ከዚያ ይረክሳል። ባዶ እጄን ተመለስኩ፤ መንገድ ላይ ግን በራሴ ሳቅሁ። ሳንዪ ተወልጄ፣ ዕድሜዬን በሙሉ ካፉር እንጨት ስፈለፍል ኖሬ፣ ፍቅፋቂው ቤቴ ውስጥ እስከ ጉልበቴ ተከምሮ፣ ንጣፍ ልገዛ ከተማ ወረድኩ!

የዚያን ቀን ከትልቁ ግንድ የወጣውን ምርጥ ምርጡን፣ ቀጭኑንና የተጠቀለለውን ለይቼ አነጠፍኩላቸው። ቤቱ መልካም ሸተተ፣ አማረ። ልብስ ከብል የሚጠብቅ፣ ቤተ መቅደስ ውስጥ የሚሰገድላቸው አማልክት የሚቀረጹበት እንጨት ነው። አማልክቱ ያልናቁትን አይጦችሽ ይንቁታል ብዬ እንዴት ልጠርጥር? «ቶፉ፣ ዩቶው፣ እንግዲህ እንደ ንግሥት ተኙ» አልኳቸው።

ዩቶው አስነጠሰች። ብርድ ነው አልኩ። ቶፉም ተከተለቻት። ተቃቀፉና ይሙቃችሁ ብዬ ሌላ ፍቅፋቂ ጨመርኩላቸው። ከዚያ የዩቶው ዓይን ያለቅስ ጀመር፣ ድርቆሿን ትታ ማዕዘን ላይ ተኮራመተች፤ ስትተነፍስ ጎኗ እንደ ወናፍ ይነፋል። ይህን ሳይ ቀልዱ ጠፋብኝ። በሞተር ሳይክሌ፣ ጃኬቴ ውስጥ ከትቼ፣ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ሐኪሟ ዶክተር ጁዋንግ የምትባል ወጣት ናት፤ ቀጭን፣ ሳቅ የማታውቅ።

«ምን ላይ ነው የምትተኛው?» አለችኝ።

«ካፉር ላይ» አልኳት በኩራት። «ቅድመ አያቴ ያየው ዛፍ ነው።»

መነጽሯን አውልቃ አየችኝ። «ጋሼ፣ ብል የሚያባርር ሽታ የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ሳንባን ይምራል ብለው ነው?»

«እኔ ስተነፍሰው ኖሬያለሁ እኮ።»

«እርስዎ ጊኒ ፒግ አይደሉም።»

«ሚስቴ በሕይወት ብትኖር በዚህ አትስማማም ነበር» አልኳት።

እሷም እንደ ሻጩ አልሳቀችም፤ መድኃኒት ግን ሰጠችኝ። ሽታ ያለው እንጨት በሙሉ ይውጣ፤ ወረቀት ወይም የታጠበ ጨርቅ ይነጠፍ፤ ደረቅ ይሁን፣ አቧራ አይኑረው። በር ላይ ስደርስ ደግሞ ጠራችኝና «የሚፈለፍሉት እዚያው ቤት ነው?» አለች። ነው አልኳት። «እንግዲያው ንጣፉ ቢወጣም ሽታው ያው ነው» አለችኝ።

ልጄ፣ ግራ መጋባት ምን እንደሆነ እስከዚያች ቀን አላውቅም ነበር። አባቴ በዚህ እንጨት አሳደገኝ፤ እኔም አንቺን ያስተማርኩሽ በዚሁ ነው። ሰው ከሩቅ መጥቶ በራችን ላይ ቆሞ አየሩን ይስባል፣ «እህህ፣ እንዴት ደስ ይላል!» ይላል። ያ ሁሉ ለአንዲት የጎደሬ ቀለም ላላት አይጥ መርዝ ነው ማለት ነው? ማንን ነው የማምነው፣ አፍንጫዬን ወይስ አፍንጫዋን? ስመለስ ጃኬቴ ውስጥ ሆና እያስነጠሰች መልሱን ነገረችኝ። ለካ ጃኬቴም ይሸታል።

ዩንሹን ታውቂዋለሽ፤ ዘንዶ እንጂ ሌላ የማይቀርጸውን ወዳጄን። «የሩዝ እብቅ ነው መድኃኒቱ፤ ዶሮ ይተኛበት የለ?» ብሎ በጆንያ አመጣልኝ። ደስ ብሎኝ አፈሰስኩት። ቤቱ በአቧራ ተሞልቶ ሦስታችንም አስነጠስን። ጭጋጉ ደግሞ ጆንያውን አርሶት ኖሮ ሻገተ። ጋዜጣ አነጠፍኩ፤ ወዲያው ረጠበና ቶፉ ከበረዶ ነጭ ወደ ዜና ማሰራጫ ተለወጠች፣ የአንድ ሹመኛ ፎቶ ሆዷ ላይ ታተመ። ሁሉም ሰው ምክር አለው፣ የማንም ምክር ደግሞ ከማንም አይገጥምም።

ከዚያ ብልህ ሐሳብ መጣልኝ። (እዚህ ላይ አትደንግጪ።) ከአዲስ ዓመት የተረፈ፣ ለቅድመ አያቶቻችን ገንዘብ ይሁናቸው ብለን የምናቃጥለው ወረቀት አንድ እሽግ መሳቢያ ውስጥ ነበር። ከቀርከሃ የተሠራ ነው፤ ወፍራም፣ ለስላሳ፣ ውኃ የሚመጥ። ላዩ ላይ ያለውን የወርቅ ቅብ እየላጥኩ ስዘረጋ ጎረቤታችን እትዬ ቺንሜይ የሩዝ ኬክ ልትሰጠኝ ገባች።

«ቼንግፋ! ምን እየሠራህ ነው?»

«አልጋ እያነጠፍኩ።»

«በአያቶችህ ገንዘብ ላይ? አይጥ ልታሸናበት?»

«ትንንሽ ናቸው እኮ፣ እትዬ። ሽንታቸውም ትንሽ ናት።»

«ወይ ጉድ! እዚያኛው ዓለም እርጥብ ሆኖ ሲደርሳቸውስ? አባትህ በሕልምህ መጥቶ ጆሮህን ባይጎትተው ምን አለች በለኝ!»

«አባቴ ገንዘብ ረጠበ ደረቀ ብሎ አያማርጥም ነበር።»

በያዘችው ማማሰያ ትከሻዬን መታችኝ። ኬኩን ግን አልመለሰችውም፤ እሷን ታውቂያታለሽ። ወረቀቱን እየለቀመች ስትራገም፣ ስትራገም፣ «ከዚህስ እነዚያን ፎጣዎች ብታነጥፍ ይሻልህ ነበር!» ብላ ጮኸች። ከዚያ ድንገት ሁለታችንም ወደ ደረጃው ስር ተመለከትን።

የትኞቹን ፎጣዎች እንዳለች አንቺም ታውቂያለሽ። አክስትሽን ሹዪንን የቀበርን ጊዜ ለለቀስተኛ የሚሰጠውን ነጭ ፎጣ እኔ ነኝ ያዘዝኩት፤ ሰው በጣም ይወዳት ስለነበር ብዙ አዘዝኩ። ከዚያ አውሎ ነፋሱ መጣ፣ መንገዱ ተዘጋ፣ ሰው አልደረሰም። ካርቶኖቹ እስካሁን ከደረጃው ስር ናቸው። የለቅሶ ፎጣ ከለቅሶ ውጭ ለሰው አይሰጥም፣ የመለያያ ዕቃ ነው። መጣልም አይቻልም። በአጠገባቸው ሳልፍ ፊቴን አዞራለሁ፤ የካርቶኖቹ ቀለም ምን እንደሆነ እስኪጠፋኝ ድረስ ማለቴ ነው።

እትዬ ቺንሜይ «ይቅርታ፣ አፌ ነው» አለች።

«ሹዪንን ልጠይቃት» አልኳት።

ሻማ ለኩሼ፣ ከአክስትሽ ፎቶ ፊት ቆሜ ሁለቱን የጨረቃ ቅርጽ የመጠየቂያ እንጨቶች ያዝኩ። «ሹዪን፣ ፎጣዎችሽን ለአይጥ ላንጥፋቸው?» ብዬ ወረወርኩ። ሁለቱም ጠፍጣፋ ጎናቸው ወደ ላይ ሆኖ አረፉ። ይህ ማለት የተጠየቀው ሰው እየሳቀ ነው፤ አዎም የለ፣ አይሆንምም የለ። ደግሜ ወረወርኩ። አሁንም ሳቀች።

«ምን አለች?» አለች እትዬ ቺንሜይ ከኋላዬ።

«እየሳቀችብኝ ነው።»

«ታዲያ መቼ ነው ያልሳቀችብህ?» አለችና ካርቶኑን በማማሰያዋ እጀታ ቀደደችው።

ፎጣዎቹን ሽቶ በሌለው ሳሙና አጠብን። ዶክተሯ ክር እግራቸው ላይ ይጠመጠማል ስላለች እትዬ ቺንሜይ ጠርዝ ጠርዙን ሰፋች፤ እየሰፋችም ትራገማለች። እኔ ደግሞ ግቢው ላይ ገመድ ዘርግቼ አሰጣሁ። ነጭ የለቅሶ ፎጣ ተደርድሮ በነፋስ ሲውለበለብ ምን እንደሚመስል አስቢው። እኔ አላሰብኩትም።

መጀመሪያ የመጣው ዩንሹ ነው። ጥቁር ሸሚዝ ለብሶ፣ የለቅሶ ገንዘብ ያለበት ነጭ ፖስታ ይዞ፣ ዓይኑ ቀልቶ በሩ ላይ ቆመ። አየኝ። ፎጣውን አየ። እንደገና አየኝ።

«አንተ... አልሞትክም እንዴ?»

«ማን ነገረህ?»

«ሰፈሩ በሙሉ! ታዲያ ማን ነው የሞተው?»

«ማንም አልሞተም። የአይጥ አልጋ ነው።»

መሬት ላይ ቁጭ አለ። እየሳቀ ይሁን እያለቀሰ አላወቅሁም፤ እሱም ያወቀ አይመስለኝም። ከዚያ ተነስቶ ሰደበኝ፤ እንዲህ ያለ ስድብ ካንተ ጋር ስንት ዓመት ኖሬ ሰምቼ አላውቅም አልኩት። ፖስታውን ኪሱ እየመለሰ «ሌላ ጊዜ ስትሞት ቀድመህ ንገረኝ» አለ።

ጥቂት ቆይቶ ተመለሰ። ከቤቱ መሳቢያ የለቅሶ ፎጣ በእቅፉ ሞልቶ ይዟል። «ሚስቴ ልትጠቀምበትም ልትጥለውም ፈርታ እንዲሁ ተቀምጦ ነበር» አለኝ። ሳይመሽ ሌሎቹም መጡ። ሳንዪ ውስጥ የዚህ ዓይነት መሳቢያ የሌለው ቤት የለም ለካ። እያንዳንዱ ሰው እጄ ላይ ሲያኖር የማን ለቅሶ እንደሆነ ይነግረኛል፤ «ይሄ የባቡር ጣቢያው ሽማግሌ ነው፣ ይሄ የዘይት ነጋዴዋ እናት ናት።» አይጦችሽ ዛሬ የሚተኙት በሰፈሩ ሙታን ሁሉ ስንብት ላይ ነው። ይህ ደግ ነገር ይሁን ድፍረት አላውቅም። ዶክተር ጁዋንግን ጠየቅኋት፤ «ሙታኑን አላውቅም፤ ፎጣው ግን ጥሩ ነው፤ በየቀኑ ይቀየር» አለች። ያኔ ብቻ ሳቀች።

ሽታውስ? መፈልፈያ ጠረጴዛዬን፣ ግንዱን፣ የተጀመረውን የምሕረት አምላክ ሐውልት ሳይቀር በሙሉ አውጥቼ ደጅ የቆርቆሮ ጥላ ስር አደረግሁት። በዚህ ጭጋግ ጣቴ ደንዝዞ መሮው ያመልጠኛል። ጎረቤት ያልፍና «ቼንግፋ፣ ሚስት አገባህና አባረረችህ እንዴ?» ይለኛል። «ሁለት ናቸው፣ ሁለቱም ጢም አላቸው» እላለሁ። ቤቱን በሆምጣጤ አጠብኩት፤ አሁን የአማልክት ሳይሆን የኮምጣጣ ጎመን ቤት ሸቷል። ዩቶው ዓይኗ ደርቋል። ድርቆሽ ትበላለች፣ ጎኗም ረግቷል። አንዳንዴ ብታስነጥስ ሩጬ ጃኬቴን አወልቃለሁ።

እንግዲህ ወደ ጥያቄሽ። ትናንት ሹዪንን ይህንንም ጠየቅኋት። «ይቆዩ ወይስ ይሂዱ?» ብዬ ወረወርኩ። ሳቀች። ደግሜ ጠየቅሁ፤ ሳቀች። ተናድጄ «በሕይወት ሳለሽ ስለ ሁሉ ነገር ሐሳብ ነበረሽ፣ ዛሬ ምን ሆንሽ?» አልኳት። እንጨቶቹን አንስቼ ቦታቸው መለስኩ።

ትክክለኛውን መልስ ቁጭ ብዬ ሳስብ ሴትዮዋ ትበልጠኛለች። ቤቷ አይሸትም፣ እጇ ሰልጥኗል፣ አይጥ ብላም አትጠራቸውም። እኔ ደግሞ ሽማግሌ ነኝ፤ ከምወደው ነገር ሁሉ ምርጡን ሰጥቼ ልገድላቸው ነበር። አንቺም ሴትዮዋ ትሻላለች ብለሽ እንደምታስቢ ከመስመሮችሽ መካከል ይታወቀኛል። ስለዚህ «ውሰጃቸው» የምትል አንዲት ቃል ጽፌ፣ አጥፌ፣ ኪሴ ከተትኳት። ፖስታ ቤት ልሄድ ከማቀዝቀዣው ውስጥ ለመንገድ አንድ ኮክ ላውጣ ብዬ በሩን ከፈትኩ።

ጮኹብኝ። ታውቂዋለሽ ያን ፉጨት፤ ማቀዝቀዣው ሲከፈት ቅጠል መጣ ብለው ሽቦውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቤቱን የሚያናውጡትን። ጮክ ብዬ «ዝም በሉ፣ መጣሁ!» አልኩ። ካልኩ በኋላ ቆሜ ቀረሁ። አክስትሽ ከሄደች ጀምሮ እዚህ ቤት ውስጥ «መጣሁ» ያልኩት ሰው አልነበረም።

ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝ፤ አሁንም ግራ እንደገባኝ ነው። ለሴትዮዋ ግን እንዲህ በያት፦ መምጣቱን ትምጣ፤ ሻይ ትጠጣ፣ የእትዬ ቺንሜይን ኬክ ትብላ፣ አልጋቸውን ታገላብጥ፣ የማላውቀውን ታስተምረኝ። ከዚያ ባዶ እጇን ትመለስ።

ደጅ እየበረደው መሮ የሚይዝ አጎትሽ፣
ቼንግፋ