ለአልጋችን ዋዜማ ለሚቆሙልን ለንስሐ አባታችን

ለክቡር አባታችን ለቄስ ገብረ አማኑኤል
ሰቆጣ

መስቀልዎን ከሩቅ እየተሳለምኩ፣ ጉልበትዎ ለስግደት፣ ዓይንዎ ለንባብ እንዲጸናልዎ እመኛለሁ። ለጆሮዎ እንኳ አላስብም፤ የእኛን ጓዳ ሳይቀር ይሰማል። ይህን ደብዳቤ በሰንበቴው ቤት በር ላይ መለጠፌ ከድፍረት አይደለም፤ የእኔንና የባለቤቴን የመኝታ ነገር ስማችንን ሳይጠሩ፣ ግን ሰው ሁሉ እንዲያውቀን አድርገው በሰንበቴው ጠላ ላይ ስላነሡት፣ መልሱም እዚያው ቢነበብ ይሻላል ብዬ ነው።

እንደሚያውቁት ባለቤቴ ደግሰው አዲስ አበባ ግንባታ ላይ ነው የሚሠራው። በዓመት አንዴ ከጥምቀት በኋላ ይመጣል፣ የነነዌ ጾም ሳይገባ ይመለሳል። ጾም አልሻርንም፤ ረቡዕና ዓርብንም አክብረናል። የቀረችንን ጥቂት ጊዜ እንዴት እንዳሳመሩልን ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

፩. ከአልጋ ለመራቅ የደብራችን በዓል ብቻ እንደሚያንሰን አስበው፣ ከሰቆጣ ውጭ ያሉትን የአምደወርቅንም የጽጽቃንም ታቦት ከነዋዜማውና ከነማግስቱ ስለጨመሩልን አመሰግናለሁ። ደግሰው እርስዎን ሊሳለም ሄዶ ሲመለስ መደብ ላይ አንጥፎ ተኛ። እኔ አልጋ ላይ፣ እሱ መደብ ላይ፣ የጣራውን ወራጅ ስንቆጥር ነጋ። ዓመት ሙሉ የጠበቅሁትን ሰው ታቦት ቀማኝ ብል ታቦቱ ይታዘበኛል፤ እሱ ምን አደረገኝ!

፪. ደግሰውና እኔ ከመተኛታችን በፊት እጅ ለእጅ ተያይዘን አቡነ ዘበሰማያት እንደግማለን። ማንም አላስተማረንም፤ በተክሊል ከተጋባን ጀምሮ እንዲሁ የመጣልን ነው። አልጋው ጸሎታችን የሚቀጥልበት እንጂ የሚያልቅበት ቦታ አይመስለንም። በእቅፉ ሳለሁ ፈጣሪዬን አልረሳም፤ እንዲያውም የዚያን ጊዜ ያህል ቀርቦኝ አያውቅም። እርስዎ ግን የእግዚአብሔርን ስም ከርኩሰት አጠገብ አትጥራ ብለው ደግሰውን ገሠጹት። እግዚኦ! አክሊሉን ደፍተውልን መኝታቸው ንጹሕ ይሁን ያሉት በዚሁ አንደበትዎ አልነበረም እንዴ? ርኩሰት ከሆነ፣ ያን ቀን የባረኩት ምኑን ነው?

፫. ልጅ ስለዘገየብኝ አዝነው ጠበል እንድጠመቅ ስላዘዙኝ እጅ እነሣለሁ። በዚያ ብርድ ተጠመቅሁ። አማቴ በሰው ፊት መካን ናት ስትለኝ ግን እርስዎ እዚያው ተቀምጠው ዝም አሉ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ! ባሌን መደብ ላይ አስተኝተው እኔን ጠበል ይሰዳሉ? ያለ ወንድ የፀነሰች እመቤታችን ብቻ ናት፤ እኔ የሺመቤት ነኝ።

አባቴ፣ ያለ ልጅ እንዳልቀር እፈራለሁ። ከዚያ ይበልጥ የምፈራው ግን ደግሰው እኔን እንደ ኃጢአቱ ማየት እንዳይለምድ ነው። ሰሞኑን ልብሴን ስቀይር ፊቱን ወደ ግድግዳ ሲያዞር አይቼዋለሁ። ይህ አንገብግቦኛል።

፬. አራተኛውን ትቼዋለሁ። ስለ ልጆችዎ ብዛት ነበር፤ እግዜር ያሳድግልዎ።

ከባለቤት ያወቀ ቡዳ ነው ይላል ሰው፤ እኔ አላልኩም። እኔ የምለው፣ ሌላ የንስሐ አባት እንድንይዝ በደግነትዎ ያሰናብቱን ዘንድ ነው።

ቡራኬዎ በቤትዎ እንዲበዛ፣ ከቤታችን ግን ጥቂት ራቅ እንዲል ከልቧ የምትመኝልዎ፣ እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ የነፍስ ልጅዎ የነበረችው
ወለተ ገብርኤል፣ በዓለም ስሟ የሺመቤት

ማስታወሻ፦ ይህን ሁሉ እኔ እየተናገርኩ በእጁ የጻፈው ደግሰው ነው፤ ከእርስዎ ዘንድ ድቁና ሲማር ስለነበር ጽሕፈቱን ያውቁታል። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ብዕሩን አስቀምጦ ይቅርታ ጠየቀ፤ እኔን ነው፣ እርስዎን አይደለም። ዛሬ ሰኞ ነው፤ ጾም የለም። የየትኛው ደብር ዋዜማ እንደሆነ የሚነግረን ሰው እንዳይልኩብን፤ ይህን ለጥፈን ስንመለስ በራችንን እንዘጋለን።